በቱሉ ዲምቱ የሚገኘው የልጆች ቴራፒ ክፍል በአንድ ወላጅ ዓይን

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ወለል ላይ የሚሠራው አነስተኛ የልጆች ቴራፒ (በልምምድ የሚሰጥ ሕክምና) ክፍል የስምንት ዓመት ልጄን ሲረዳ ስለቆየ፣ ተመሳሳይ ጭንቀት ላለባቸው ወላጆች ይጠቅማል ብዬ አገልግሎቱን እንዳየሁት እጽፋለሁ። ልጄ በሚገባ ያነባል፤ ሒሳብም ይወዳል። ነገር ግን የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ፣ የጫማውን ክር ማሰር፣ ሰኞ ማክሰኞ መዝለልና ከሰሌዳ ላይ ጽሑፍ መገልበጥ እጅግ ይከብደዋል፤ በዚህም ምክንያት በትምህርት ቤት ግዴለሽ ተብሎ ተወቅሷል።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ችግሩን ለመለየት የተሰጠውን ጊዜ ነው። ባለሙያዋ እንዳስረዱኝ፣ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ዕድሜያቸው ለትምህርት ከደረሰ 100 ልጆች መካከል ከ5 እስከ 6 በሚሆኑት ላይ የሚታይ ሲሆን፣ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችም ይበልጥ ይጋለጣሉ። መነሻው ስንፍና ወይም የማሰብ ችሎታ ማነስ ሳይሆን፣ አእምሮ እንቅስቃሴን አቅዶና አቀናጅቶ በመምራት ረገድ የሚገጥመው እክል ነው። የዓይን ችግር፣ ሴሬብራል ፓልሲ (በአእምሮ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ እክል) ወይም የጡንቻ በሽታ አለመኖሩ ሳይጣራ ስለማይደመደም፣ አስቀድመው ወደ ሕፃናት ሐኪምና ወደ ዓይን ምርመራ ላኩን። ትኩረት የማጣት ችግር ብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚገኝም ይህንኑ በዝርዝር ጠየቁኝ። ክፍያ ለመሰብሰብ የሚቸኩል ተቋም እንዲህ አያደርግም።

ልምምዱ ልጁ ራሱ በመረጣቸው ተግባራት ላይ ያተኮረ ነው፤ ልጄ የመረጠው የጫማ ክር ማሰርንና ጽሕፈትን ነበር። ባለሙያዋ ክሩን ተቀብለው አያስሩለትም፤ «ምን ልታደርግ ፈለግህ? እንዴት አሰብህ? እስኪ ሞክረው፤ እንዳሰብከው ሆነ?» እያሉ ዕቅዱን ራሱ እንዲያወጣና ራሱ እንዲያርም ያደርጉታል። በጽሕፈትም ቢሆን ገጽ ሙሉ ከማስገልበጥ ይልቅ «ሉ» ላይ ከወገቡ፣ «ሊ» ላይ ደግሞ ከእግሩ ሥር የምትወጣውን ጭረት ብቻ ለይተው በትልቁ ያለማምዱታል፤ ፊደላችን በእነዚህ ትንንሽ ልዩነቶች የተሞላ በመሆኑ ይህ ማስተዋል በጣም አስደስቶኛል። ልጄ ዛሬ ክሩን ቀስ ብሎም ቢሆን ራሱ ያስራል፤ ጽሕፈቱ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ችግሩ ፈጽሞ እንደሚጠፋ ቃል አልገቡልኝም፤ በብዙዎች ላይ እስከ ጉልምስና እንደሚዘልቅ በግልጽ ነግረውኛል።

ጉድለቱን ልናገር። ለቤት ልምምድ የተሰጠኝ ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ በዚህ አካባቢ ልጆችን የሚያስጠኑ ብዙ አያቶችና ሞግዚቶች ሊያነቡት አይችሉም። ከዚህ የሚብሰው ለመምህራን የሚላክ የጽሑፍ ማብራሪያ አለመኖሩ ነው፤ ልጁ አብዛኛውን ቀን የሚውለው ክፍል ውስጥ በመሆኑ፣ ለፈተና ተጨማሪ ደቂቃ እንዲሰጠው ወይም የሰሌዳው ጽሑፍ ታትሞ እንዲደርሰው የሚጠይቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ትልቅ እፎይታ በሆነ ነበር። ክፍያውም ለደመወዝተኛ ቀላል አይደለም። ቅዳሜ ክፍሉ ስለሚጨናነቅና በጫጫታው ልጆች ስለሚረበሹ፣ የሚችል ወላጅ በሥራ ቀን ጠዋት ቀጠሮ ቢይዝ ይሻለዋል።