ለምጣድ የቱ ሽቦ ይሻላል፦ ኒክሮም ወይስ ካንታል?

ዓባይ ማዶ የምትኖረው አክስቴ እንጀራ ጋግራ ጣና ዳር ላሉ ዓሣ ቤቶች ታስረክባለች። ባለፈው ክረምት የኤሌክትሪክ ምጣዷ ሸክላ ተሰነጠቀ። ሸክላ መቀየር ቀላል ነው። የሚያግለውን ሽቦ ወደ አዲሱ ልናዛውር ስናወጣው ግን እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ቀጭ እያለ ተሰባበረ። ሲሸጡልን ኒክሮም ነው ተብለን ነበር። አልነበረም።

ሁለቱም ሽቦዎች ሲግሉ ተበልተው የማያልቁት ቆዳ ስለሚያወጡ ነው። ጥሩ ኒክሮም 80 በመቶ ኒኬል፣ 20 በመቶ ክሮምየም ነው። ሲግል ክሮምየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ስስ ሽፋን ይሠራል። ካንታል ኒኬል የለውም፤ ብረት፣ ክሮምየምና አልሙኒየም ነው። የእሱ ቆዳ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ሲሆን ለከፍተኛ ግለት ይበልጥ ይጠነክራል። ስለዚህ ምርጡ ካንታል እስከ 1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲችል ኒክሮም 1200 ገደማ ላይ ያበቃል።

በቁጥሩ ከሄድን ካንታል አሸነፈ። ግን ቆዳ ሸክም አይሸከምም። በጄት ሞተር ውስጥ ያሉት የኒኬል ቅይጥ ምላጮችም አልሙኒየም ያለበት ሽፋን ይደረግላቸዋል፤ ጭነቱን የሚችለው ግን ከሥር ያለው ብረት ነው። 

የካንታል ድክመት እዚህ ላይ ነው። ሲግል ይለሰልስና ይረግባል። አብዝቶ ከጋለ በኋላ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል። ኒክሮም ግን ግሎም ቅርጹን ይይዛል፣ ብዙ ከሠራ በኋላም ይታጠፋል።

እንጀራ የሚጋገረው 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽቦው ከዚያ በጣም ቢግልም 1200 አይደርስም። የካንታል ትርፍ አቅም ለምጣድ ምንም አይጨምርም። ሸክላ ግን መሰንጠቁ አይቀርም፤ ያኔ ሽቦው ሳይሰበር መውጣት አለበት። ኒኬል ውድ በመሆኑ ኒክሮም ዋጋው ከፍ ይላል። ቢሆንም በየቀኑ ለሚጋግር ሰው እኔ እሱን ነው የምመክረው። ለሸክላ መተኮሻ ምድጃ ከሆነ ካንታል ግዙ፤ ሽቦው በሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ በደንብ ይደገፍ፣ አንዴ ከጋለ በኋላ አትነካኩት።

አንዱን በሌላው ዝም ብላችሁ አትተኩ። በእኩል ውፍረትና ርዝመት ካንታል ኮረንቲ የሚያሳልፈው ያነሰ ነው። በ220 ቮልት ግለቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም።

ገበያ ስትወጡ ትንሽ ማግኔት ያዙ። ከሳበው ጥሩ ኒክሮም አይደለም፣ በኒክሮም ዋጋ አትክፈሉ። ካልሳበውም ወዲያው አትመኑ፤ አንዳንድ የማይዝግ ብረትም በማግኔት አይሳብም። ከሽቦው ጥቅል ላይ 80/20 የሚል ጽሑፍ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።