ከጃንተከል እስከ ፒያሳ፦ የጎንደር «የጣሊያን ዘመን» ጉብኝት ሲመዘን

ከጃንተከል ዋርካ ተነስቶ በፋሲል ግቢ በኩል ፒያሳ የሚያደርሰው የግማሽ ቀን የእግር ጉብኝት ዋጋው የሚገባው ነው። ሕንፃ ከማሳየት አልፎ ያሠሩትን ሹማምንት ሕይወት ይተርካል።

አስጎብኚው ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ትረካውን የሚጀምረው በጣሊያናዊው የፋሽስት ሹም በቼዛሬ ማሪያ ዴ ቬኪ ነው። ዴ ቬኪ ጎንደርን አልገዛም፤ የገዛው በኤጂያን ባሕር ያሉትን የዶዴካኔዝ ደሴቶች ነው። ሆኖም ሮም ሹሞቿን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው እንዴት ታዛውር እንደነበር የእሱ ሕይወት በደንብ ያሳያል። በ1884 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ በ1922 ፋሽስቶች ወደ ሮም ሲገሰግሱ ከአራቱ መሪዎች አንዱ ነበር። ከ1923 እስከ 1928 ሶማሊያን ገዛ፤ የሆቢዮንና የመጀርቴንን ሱልጣኔቶች በጦር ያስገበረው እሱ ነው። ከዚያ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ፤ በ1936 መጨረሻ ደግሞ የዶዴካኔዝ ዋና ደሴት ወደሆነችው ሮድስ ተላከ።

ጉብኝቱ እዚህ ላይ ይፈጥናል፤ መፍጠን ግን አልነበረበትም። ከዴ ቬኪ በፊት ማሪዮ ላጎ ደሴቶቹን 14 ዓመት ገዝቶ፣ የምሥራቅ ጌጥ ያላቸው ሕንፃዎች አሠርቶ ነበር። ዴ ቬኪ ጌጡን አስፍቆ ግድግዳውን ልሙጥ አደረገው፤ በ1856 የባሩድ ፍንዳታ ያፈረሰውን፣ በመካከለኛው ዘመን ሮድስን የገዙትን የመስቀል ፈረሰኞች (ናይትስ) አለቃ ቤተ መንግሥትም መልሶ አስገነባ። በ1938 የወጡትን የዘር ሕጎች በሮድስ አይሁዶች ላይ አስፈጸመ። ነሐሴ 15 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. የግሪክ መርከብ ኤሊ ቲኖስ ደሴት አጠገብ በጣሊያን ቶርፔዶ ስትሰጥም ገዥው እሱ ነበር። ዕለቱ በግሪኮች ዘንድ የእመቤታችን የዕርገት በዓል ነው፤ ፍልሰታን ለሚያከብር የጎንደር ሰው ይህ ሊነገረው ይገባል። ዴ ቬኪ በ1943 ሙሶሊኒን በመቃወም ድምፅ ሰጠ፤ በሌለበት ሞት ተፈረደበት፤ አርጀንቲና ተሰደደ። የሞተው ሮም ውስጥ በ1959 ነው።

ሮድስን ከጎንደር የሚያገናኘው የቤተ መንግሥት ጥገና ነው፤ የጉብኝቱ ምርጥ ክፍልም ይኸው ነው። ጣሊያኖች የፋሲል ግቢን ሲጠግኑ ሲሚንቶ ተጠቅመዋል። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍናል፤ የክረምት ውኃ ውስጥ ታግዶ ይቀርና አጠገቡ ያለው ድንጋይ ይላላጣል። ኋላ ላይ የተደረገው ጥገና ወደ ኖራ ተመልሷል። አስጎብኚው ነጣ ያለውን የኖራ መጋጠሚያ ከግራጫው ሲሚንቶ ለይቶ እንዲያሳይ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ካልተጠየቀ ያልፈዋል።

ትልቁ ጉድለት ፒያሳ ላይ ይመጣል፤ የጎንደር ገዥዎች አንድ ሰው ይመስል «ገዥው» ተብለው ይጠቃለላሉ። መቀመጫው ጎንደር የነበረው የጣሊያኖቹ የአማራ ግዛት ገዥዎች ግን አራት ነበሩ፦ ፒርዚዮ ቢሮሊ፣ ሜዜቲ፣ ፍሩሺ፣ በመጨረሻም ናሲ። ፒርዚዮ ቢሮሊ ከጎንደር በኋላ ሞንቴኔግሮን ገዝቷል። ናሲ ደግሞ ከዚህ በፊት ሐረርን ገዝቶ ነበር፤ ጎንደርን ያስረከበው በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ሁለቱም የዴ ቬኪን ዓይነት መንገድ የሄዱ ሹሞች ስለሆኑ ተነጥለው ቢነገሩ የፖስታ ቤቱ ትረካ ከከተማው ጋር ይገጥም ነበር።

ሌላው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። የጣሊያን ጦር መሪው ስታራቼ ጎንደር የገባበት መጋቢት 23 ቀን 1928 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የሮድሱ ግን በአውሮፓውያን። ሁለቱ ሳይለዩ ሲነገሩ አድማጭ ሰባትና ስምንት ዓመት ይሳሳታል። ዓመት በተጠራ ቁጥር «በየትኛው?» ማለት ያስፈልጋል።

የግቢው መግቢያ ትኬት በክፍያው ውስጥ መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ክረምት ላይ ጠዋት ጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፣ የግቢው ድንጋይም ያንሸራትታል። የፒያሳ ባጃጆች ድምፅ ስለሚውጡ ከስድስት ሰው በላይ አትሁኑ፤ በዛችሁ ከተባለ የዴ ቬኪን ታሪክ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብላችሁ ስሙ።