ለጡት እብጠት የመርፌ ምርመራ ሳያደርግ «ጠባሳ የማይተው ቀዶ ጥገና» ለሚላችሁ ክሊኒክ ቀብድ አትክፈሉ

ጎንደር ያላችሁ እህቶችና እናቶች፣ ሚስት፣ እህት ወይም ሴት ልጅ ያላችሁ ወንዶችም ጭምር፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በእኛ ቤት የደረሰው በሌላ ቤት እንዳይደገም ብዬ ነው የምጽፈው።

ታናሽ እህቴ 23 ዓመቷ ነው። ለጥምቀት ያሰፋነውን ቀሚስ ስትለካ ግራ ጡቷ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ጠንከር ያለ ነገር በእጇ ነካች። አያማትም፤ ጣቷን ስታሳርፍበት ይንሸራተታል። በዓሉ እስኪያልፍ ለማንም አልተነፈሰችም። በማግስቱ ስታለቅስ አድራ ነገረችኝ።

ከአዘዞ ታክሲ ይዘን ከተማ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። አልትራሳውንድ ታየች። ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ ከተጻፈው መሀል ቁጥሮቹን ብቻ ለየሁ፤ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ባይራድስ 3። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላስረዳንም። ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ «ይህ ነገ ዛሬ የሚባልለት አይደለም፤ ሐሙስ ይውጣ» አለን። ስፌት የሌለው፣ ጠባሳ የማይተው ዘመናዊ ሕክምና ነው ተባልን። ዋጋው 45 ሺህ ብር፣ ግማሹ ቀብድ። መጀመሪያ በመርፌ ናሙና አይወሰድም ወይ ብዬ ስጠይቅ «ብረት ከነካው ይቆጣል፤ ካንሰር ከሆነም ይበተናል» አለኝ። ይህን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስላደግን የምመልሰው አጣሁ። ቀብዱን ከፈልኩ።

ሐሙስ ዕለት እህቴ ስትወጣ ጡቷ ላይ ከጣቴ የሚረዝም ቁስል ነበር፤ ስፌቱን ቆጠርኩት፣ ሰባት ነው። ሐኪሙ የወጣውን እብጠት በጨርቅ ላይ አድርጎ አሳየን። ነጣ ያለ፣ ድቡልቡል፣ ለስላሳ ነገር ነው። በጓንቱ ጫን ጫን አደረገውና «አያችሁ? ንጹሕ ነው» አለ። እናታችን እልል አለች። እሱም ጨርቁን ጠቅልሎ እግሩ ሥር ካለው ባልዲ ውስጥ ጣለው። እኔ ቆሜ እያየሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁስሉ መግል ስለያዘ ሆስፒታል ወሰድኳት። ያየቻት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችን «የፓቶሎጂ ውጤቱ የታለ?» ብላ ነው፤ የወጣው ሥጋ ላቦራቶሪ ሄዶ በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበትን ማለቷ ነው። እኔና እህቴ ተያየን። የዚያን ቀን ሐኪሟ ያስረዳችንን፣ በኋላም ጠይቄ ያጣራሁትን ልንገራችሁ።

ባይራድስ የጡት ምስል ውጤት የሚመደብበት ደረጃ ነው፤ 3 ማለት እብጠቱ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከመቶ ቢበዛ ሁለት ነው ማለት ነው። የተለመደው አሠራር ከ6 ወር በኋላ በአልትራሳውንድ ደግሞ ማየት ነው፤ የሚያሳስብ ነገር ካለ ደግሞ በመርፌ ማረጋገጥ። በእህቴ ዕድሜ የሚገኘው እንዲህ ያለ የሚንሸራተት እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው፣ ካንሰር ያልሆነው ዓይነት ነው። ካላደገና ካላስቸገረ ሳይነካ ሊኖር ይችላል። «ሐሙስ ይውጣ» የሚያሰኝ አንዳች ነገር እጃችን ላይ ባለው ወረቀት አልነበረም።

የብረቱ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያናድደኛል። መርፌ የሚበትነው ቢሆን ምላጩስ ብረት አይደለም? የጡት እብጠት የሚመረመረው በእጅ በመዳሰስ፣ በምስልና በመርፌ ናሙና ነው፤ ሦስቱ ተደጋግፈው ነው መልስ የሚሰጡት። ቀጭኑ መርፌ ደም ከሚቀዳበት አይወፍርም፤ ሴሎችን ስቦ ያወጣል፣ እብጠቱ ውኃ የቋጠረ ከሆነም እዚያው ያጎድለዋል። ወፈር ያለው፣ ብዙ ጊዜ 14 ቁጥር የሚባለው፣ ቦታው ደንዝዞ ይገባና ቀጭ ብሎ እንደ ክር የቀጠነ ሥጋ ቆርጦ ይወጣል። ስፌት አያስፈልገውም። ውጤቱ ካንሰር ሆኖ ቢገኝ እንኳን ምን ያህል ይቆረጥ፣ መድኃኒት ይቅደም ወይስ ቀዶ ጥገና የሚለው አስቀድሞ ይታቀዳል። ሳያውቁ ቆርጦ ማውጣት ይህን ዕድል ያሳጣል።

ስፌት የሌለው ሕክምና በእርግጥ አለ። በአልትራሳውንድ እየታየ፣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በገባ መርፌ እብጠቱን በቫኪዩም እየሳበ ቆራርጦ የሚያወጣ መሣሪያ አለ፤ ካንሰር አለመሆኑ ለታወቀ ትንሽ እብጠት ነው የሚሆነው። በቅዝቃዜ የሚያደርቅም አለ። በዚህኛው እብጠቱ እዚያው ቀርቶ ቀስ በቀስ በሰውነት ውስጥ ስለሚከስም፣ ምንነቱ አስቀድሞ በናሙና መረጋገጥ አለበት። ማንም ይህን ዓይነት ሕክምና እሰጣለሁ ቢላችሁ መሣሪያውን በዓይናችሁ እዩት። እኛ አሳዩን አላልንም። የተደረገላት ተራው ቀዶ ጥገና ነው።

የወጣ ነገር ሁሉ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ) ባለበት ብልቃጥ ተደርጎ፣ ስም ተጽፎበት ወደ ፓቶሎጂ መሄድ አለበት። በዓይን አይቶ «ንጹሕ ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ፋይብሮአዴኖማ የሚመስል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ሌላ ሆኖ የሚገኝ እብጠት አለ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የፓቶሎጂው ዋጋ ከጠቅላላው ክፍያ ውስጥ እንዳለበት በጽሑፍ አስፍሩ። እሺ ካላሉ ቦርሳችሁን አንሡና ውጡ።

ይህን አንብባችሁ ግን እብጠት ይዛችሁ ቤት እንዳትቀመጡ አደራ። የማይንቀሳቀስ ጠጣር እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ ወይም ከጫፉ የሚወጣ ደም ካያችሁ በዚያው ሳምንት ታዩ። ጸበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፤ ምርመራውን ግን አታስቀሩ።

ክሊኒኩ ተመልሼ ብሄድ የሰጡኝ መልስ «እኛ አክመን አድነናታል» የሚል ነው። ደረሰኙ «ልዩ ልዩ አገልግሎት» ከማለት በቀር ምን እንደተደረገላት አይናገርም። ከአልትራሳውንዱ ወረቀት ጋር አያይዤ ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል አቤቱታ አስገብቻለሁ። እህቴ በክረምቱ እንደገና አልትራሳውንድ ትታያለች። ባልዲ ውስጥ የተጣለው ምን እንደነበረ ግን አሁን ሊነግረን የሚችል ማንም የለም።