ጅማ ላይ ሰንጢያችሁን ለእጃችሁ የሚያስማሙላችሁ ባለሙያ

ላመሰግናቸው የምፈልገው ሰው ስማቸውንም ስልካቸውንም እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። «መሮ ይዤ ስልክ ሲጮኽ የምጠርበው ጣቴን ነው» ይላሉ። ስለዚህ እኔም እንደ ደንበኞቻቸው ሁሉ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ በእግራችሁ ሄዳችሁ እንዴት እንደምታገኟቸው ከታች ጽፌዋለሁ። ጋሼ ጅማ ውስጥ ባለሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው የሚያወጡ አናጺ ናቸው። የሰንጢ እጀታ መሥራት ዋና መተዳደሪያቸው አይደለም፤ ማስታወቂያም ለጥፈው አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ስለት ይዞ ለሚውል ሰው ግን፣ ችግኝ ለሚያዳቅል፣ ቡና ለሚገርዝ፣ ቆዳ ለሚቆርጥ ጫማ ሠሪ፣ ከእሳቸው የተሻለ እጅ እስካሁን አላገኘሁም።

የእኔ ሥራ የአቮካዶ ችግኝ ማዳቀል ነው። ከአገሬው ዘር የበቀለው ችግኝ የእርሳስ ውፍረት ሲይዝ አናቱን እቆርጠዋለሁ፤ መሐሉን ወደ ታች እሰነጥቀዋለሁ፤ ሃስ ወይም ኤቲንገር ከሚባሉት የአቮካዶ ዝርያዎች ዛፍ የመጣውን ቅርንጫፍ ጫፉን በሁለት ወገን ጠርቤ ሽብልቅ አድርጌ እከተዋለሁ፤ በላስቲክ አጥብቄ እጠቀልለዋለሁ። የሥራው ነፍስ ያለው በዚያ ጥርብ ላይ ነው። የተጠረበው ፊት ልሙጥ ካልሆነ፣ መሐሉ በጥቂቱ እንኳ ከጎደጎደ፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሕያው ሽፋን ከአቻው ጋር አይገናኝም፤ ቅርንጫፉም ላስቲኩ ውስጥ እንደ ታሰረ ይደርቃል። ልሙጥ ጥርብ የሚወጣው ደግሞ ስለቱን በአንድ ጊዜ ስቦ በማውረድ ነው እንጂ ደጋግሞ በመፋቅ አይደለም። ለዚህ እጀታው እጅ ውስጥ ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ሰንጢዬ ኦፒኔል ቁጥር 8 ነው፤ ፈረንሳይ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ያመጣልኝ። ጆሴፍ ኦፒኔል የተባለ የሳቩዋ ተራራማ አገር ሰው በ1890 የጀመረው ሰንጢ ሲሆን፣ ስለቱን ቆልፎ የሚይዘው የአንገት ቀለበት የተጨመረው በ1955 ነው። ስለቱ 8.5 ሳንቲሜትር ነው፤ ቀጭን ነው፤ በቀላሉ ይሳላል፤ ከሁለቱም ወገን ስለተሳለ እንደ እኔ ላለች ግራኝም ይሆናል። ለማዳቀል ብቻ የሚሠሩ ሰንጢዎች ብዙዎቹ ከአንድ ወገን የተሳሉ በመሆናቸው ቀኝ እጅ ከግራ እጅ ይለያሉ፤ ለግራኝ የሚሆነውን ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ስለዚህ ስለቱን የምወደው ከልቤ ነው። ጠቤ ከእጀታው ጋር ነበር።

እጀታው ቢች ከሚባል የአውሮፓ ዛፍ የተሠራና ድብልብል ነው። ለአይብና ለዳቦ ይመች ይሆናል። እርጥብ እጅ ውስጥ ግን ይዞራል፤ ስለቱ ወደ የት እንደ ዞረ ለማወቅ ዓይን ይፈልጋል። እንዳይዞር መጭመቅ ይመጣል፤ መጭመቁ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የአውራ ጣት ሥር ላይ ቁርጥማት ሆኖ ይገለጣል። ቀጭን እጀታ ሁልጊዜ ዕዳው ይኸው ነው፤ በሙሉ መዳፍ ለሚጨበጥ መሣሪያ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት የሚመከረው ጣቶች ያለ ብዙ ጭመቃ ዙሪያውን እንዲይዙት ነው። በዚያ ላይ እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን አልለቅም ይላል። የሳቩዋ ሰዎች ለዚህ ዘዴ አላቸው፤ የእጀታውን ጭራ ጠንካራ ነገር ላይ ጠቅ ሲያደርጉት ስለቱ ታጥፎ ከሚገባበት ቦይ ብቅ ይላል። ውሃ ሲረጭ በሚዋልበት ችግኝ ጣቢያ ግን ቀኑን ሙሉ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። ባልደረቦቼ የብስክሌት ከመነዳሪ ይጠቀልሉበታል፤ እጅ ላይ ይይዛል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ላስቲኩ ቦዩን ስለሚደፍነው ሰንጢው ሰንጢነቱን ያጣል። የማይታጠፍ ስለት ኪስ ውስጥ ይዞ መዞር ደግሞ ለማንም አይመከርም።

ጋሼ ዘንድ ሰንጢውን ሳቀርብላቸው ወደ ጎን አኖሩትና እጄን ጠየቁኝ። መዳፌን ገልብጠው አዩት፤ ከጠቋሚ ጣቴ ሥር ያለውን ጠጠር በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ የከሰል ዱቄት በጨርቅ አንስተው አሮጌውን እጀታ ጥቁር እስኪሆን ቀቡትና «በይ ልጄ፣ እንደ ሥራሽ ቁረጪ» አሉኝ። ይዤ ከሄድኩት የአቮካዶ ቅርንጫፍ ጥቂቱን ጠረብሁ፤ ጥቂቱን ሰነጠቅሁ። እጀታውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት። ከሰሉ የተነሣበትና ያልተነሣበት ቦታ እንደ ካርታ ይነበብ ነበር፤ ከጭራው በኩል መዳፌ ጨርሶ አልነካውም፤ ከአንገቱ ሥር ግን እንጨቱ ነጭ እስኪሆን ተጠርጓል። ያ ሁሉ ጉልበት በሁለት ጣቶች ላይ ብቻ ያርፍ እንደ ነበር ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት።

በርጩማ ሊወስድ የመጣ አንድ ደንበኛ ከጎን ሆኖ የጣት ማረፊያ ጎድጓዳ ይሠራላት ብሎ ሐሳብ ሰጠ። ብዙ ሰው የሚወደው ነገር ነው፤ ሲያዩትም ያምራል። ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ስጠርብ እጄ ወደ አንገቱ ይጠጋል፤ ስሰነጥቅ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጎድጓዳው ለአንዱ አያያዝ ተሠርቶ ለሌላው ጉብታ ይሆናል፤ ጉብታ ደግሞ ውሎ አድሮ ጠጠር ያወጣል። እሳቸው የመረጡት እንቁላል ቅርጽ ነው። ከጎንና ከጎን ጠበብ፣ ከላይ እስከ ታች ሰፋ ያለ እጀታ በራሱ አይዞርም፤ ስለቱ ወዴት እንዳለም መዳፍ ያለ ዓይን ያውቃል። አውራ ጣቴ ከሚያርፍበት ከግራ እጅ ወገን ብቻ አንድ ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ አበጁ። ሙያ በልብ ነው፤ እኚህ ሰው በቀን ሙሉ የሚናገሩት ከዚህ አይበልጥም።

ቀጥሎ ያለውን ሥራ ቆሜ አይቻለሁ። የውጭውን ቀለበት በፒንሳ ከፈት አድርገው አወጡት። ስለቱን የያዘውን ችንካር ጫፉን በሞረድ በልተው ከሞርሳው ላይ በቀጭን መርፌ ብረት መትተው አስወጡት። አዲሱ እጀታ የተሠራው ከደረቀ ወይራ ነው። ዋንዛም ነበራቸው፤ ለበርጩማና ለቤት ዕቃ ዋንዛን የሚያህል የለም፤ ለመሮ ይታዘዛል፤ ግን በዚህ ሥራ ቶሎ ይዳመጣል ብለው ተዉት። ወይራው ሲቆረጥ የሚሸተው ሽታ ሱቁን ሞላው። እርጥብ እንጨት በጭራሽ አይነኩም፤ ከተሠራ በኋላ ሲደርቅ ይኮማተርና ቦዩ ስለቱን ጨብጦ ይይዘዋል፤ ወይም ችንካሩ ዙሪያ ይሰነጠቃል።

ከባዱ ቦታ አንገቱ ነው። እጀታውን የፈለጉትን ያህል ማወፈር ይቻላል፤ አንገቱን ግን ቀለበቱ ይወስነዋል። ከቀለበቱ ከወፈረ ቁልፉ አይዞርም፤ ከቀጠነ ስለቱ ይላወሳል። ጋሼ እዚያች ጣት በማታህል ቦታ ላይ በሞረድ ፋቅ፣ ቀለበቱን ለካ፣ እንደገና ፋቅ ሲያደርጉ የቆዩት ሌላውን አካል በሙሉ ከጠረቡበት ጊዜ ይበልጣል። ቦዩም እንዲሁ ነው። ካልጠለቀ ስለቱ ሲታጠፍ እንጨቱን እየነካ ይዶለዱማል፤ ከጠለቀ ደግሞ የእጀታው ጀርባ ይሳሳል። የችንካሩን ቀዳዳ በትራፓኖ ከመብሳታቸው በፊት ስለቱን ቦዩ ውስጥ አስገብተው ወደ ፀሐይ አንስተው በስንጥቁ አሻግረው አዩ። ብርሃን ከሁለቱም ጎን እኩል መግባት ነበረበት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው አለፉና ጠርዝ የሚባል ነገር እንዳይቀር በጉንጫቸው ጭምር ዳሰሱት። የጅሬንን የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ ያየ ሰው ጅማ በዚህ ሙያ የትናንት እንዳልሆነች ያውቃል፤ እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት ጥንቃቄ ለአንዲት ሰንጢ መሆኑ ነው የገረመኝ።

አሁን እጀታው አይዞርም። የአውራ ጣቴ ሥር ከሰዓት በኋላም ዝም ብሏል። ወይራው ውሃ ቢነካውም እንደ ቀድሞው አላበጠም፤ ስለቱ በቀላሉ ይወጣል። የከፋው ነገር ክብደቱ ነው፤ ቀድሞ ኪሴ ውስጥ መኖሩን የምረሳው ሰንጢ አሁን ይሰማኛል። ጭራው ላይ ቀዳዳ ስላበጁልኝ ገመድ አስሬ ከሽርጤ ጋር አያይዤዋለሁ።

ለአንድ ባልደረባዬ ደግሞ ቪክቶሪኖክስ የሚባለውን ቀዩን የስዊዝ ሰንጢ እጀታ ቀይረውለታል። የቪክቶሪኖክስ ፕላስቲክ ገጽ በብሎን የታሰረ ሳይሆን ከነሐስ ችንካር ራስ ላይ ተጭኖ የተቀመጠ ነው፤ በቀስታ ሲፈለቀቅ ይነሣል። በምትኩ ወፈር ያለ የወይራ ገጽ ከውስጥ በኩል ለችንካሮቹ ራስ ጎድጓዳ አበጅተው ገጠሙለት። የጥርስ መጎርጎሪያውና የወረንጦው ማስቀመጫ ግን ቀርቷል፤ እሱን ለሚወድ ሰው አስቀድሞ መንገር ይበጃል።

የማይሠሩትንም ልንገራችሁ። ስለት አይስሉም፤ ለዚያ ወደ ሞራጅ ሂዱ ይሏችኋል። በማጣበቂያ ብቻ የሚያዝ ሥራ አይቀበሉም። ሲጫኑት በራሱ ተወርውሮ የሚከፈት ሰንጢ ካሳያችኋቸው ከነአካቴው አያነጋግሯችሁም፤ በዚህ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

አያያዙ ቀላል ነው። የተልባ ዘይት ለብ አድርጎ ስስ አድርጎ መቀባት፣ የተረፈውን መጥረግ፣ ነፋሻ ቦታ ማድረቅ። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ይጠጥራል፤ ለዚህ ነው የተመረጠው። የምግብ ፓልም ዘይት ወይም ቅቤ የቀባችሁ እንደሆነ ግን አይደርቅም፤ ይሙለጨለጫል፤ ይሸታል። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ፤ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ በራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ወደ ሂርማታ ገበያ ሂዱና በርጩማ ከሚሸጡት አንዱን «ሰንጢ የሚያስተካክሉት ጋሼ የት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የማያውቃቸው የለም። ሐሙስ አትሂዱ፤ ትልቁ ገበያ ስለሆነ እሳቸውም ሻጭ ሆነው ነው የሚውሉት። ሰንጢውን አጥባችሁና አድርቃችሁ ውሰዱ፤ በሥራ የምትቆርጡትንም ነገር ጥቂት ያዙ፤ ሳይቆርጡ መለካት የለም። ዋጋቸው አዲስ ሰንጢ ከመግዛት በእጅጉ ያነሰ ነው፤ በርጩማ ላይ የሚደረገውን ክርክር እዚህ ላይ ባታደርጉ ደስ ይለኛል።

ጋሼ፣ ይህን አንብበው እንደማይቆጡኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ስምዎን አልጻፍኩም። እጅዎን ቁርጥማት አይንካው፤ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። እናንተ የምትሄዱት ደግሞ፣ ጋሼ የሰጧችሁ ቀጠሮ ላይ ሁለት ቀን ጨምሩበት።