አልትራ ኪው፣ አልትራማን ወይስ አልትራሰቨን፦ የትኛውን ልግዛ?

ሦስቱም የጃፓናዊው ፊልም ሠሪ የኤይጂ ቱቡራያ ኩባንያ ያወጣቸው የጭራቅ ተከታታይ ፊልሞች ናቸው። ከ1966 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ ቲቢኤስ ቴሌቪዥን ታይተው ዛሬ በብሉ ሬይ ዲስክ ይሸጣሉ። ስማቸው ስለሚቀራረብ ገዢ ያደናግራሉ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

«አልትራ ኪው» 28 ክፍል ያለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ልዕለ ጀግና የለበትም፤ ጭራቅ ሲነሳ የሚጋፈጡት አንድ ፓይለት፣ ረዳቱና አንዲት ጋዜጠኛ ናቸው። ድብድብ ፈልጎ የገዛው ሰው ቅር ይለዋል። በ35 ሚሊሜትር ፊልም ስለተቀረጸ ግን ምስሉ እጅግ ጥርት ያለ ነው።

«አልትራማን» ባለቀለም ሲሆን 39 ክፍል አለው። ግዙፍ ጭራቅ ለሚወድ ሰው ዋናው ይህ ነው። ከጠፈር የመጣው ጀግና አልትራማን ምድር ላይ መቆየት የሚችለው 3 ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ ደረቱ ላይ ያለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ልጆች ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ክፍል 10ን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ጂራስ የተባለው ጭራቅ የዝነኛው የጃፓን ፊልም ጭራቅ የጎድዚላ ልብስ ላይ የአንገት ክንብንብ ተጨምሮበት የተሠራ ነው። አልትራማን ክንብንቡን ሲገነጥለው ጎድዚላ ራሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል! ክፍል 23 ደግሞ ልብ ይሰብራል። ጃሚላ ውሃ በሌለበት ፕላኔት ወድቆ አገሩ የተወችው ጠፈርተኛ ነበር። ጭራቅ ሆኖ ሲመለስ የሚገድሉት በውሃ ነው፤ ጭቃ ላይ ሲንፈራገጥ የሚያሰማው ጩኸት የሕፃን ልቅሶ ይመስላል።

«አልትራሰቨን» ለአዋቂ ይሻላል። ጭራቁ ቀንሶ ከሌላ ዓለም የመጡ ወራሪዎች በዝተውበታል። በክፍል 8 ጀግናውና የሜትሮን ወራሪ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ መሐል አድርገው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ስለ ሰው ልጅ መተማመን ያወራሉ። ከድብድቡ ይልቅ ወሬው ያስፈራል። ተከታታዩ 49 ክፍል ቢሆንም ስትገዙት 48 ብታገኙ ሻጩን አትውቀሱ፤ ክፍል 12 ከአቶሚክ ቦምብ ተጎጂዎች ጋር በተያያዘ ተቃውሞ ተነሥቶበት ከስርጭት ወጥቷል።

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ፣ ከልጆች ጋር ለማየት አልትራማን፣ ለብቻችሁ ከሆነ አልትራሰቨን ይሁን። አልትራ ኪው ሁለቱን ከወደዳችሁ በኋላ ይደርሳል።

ከመክፈላችሁ በፊት የሳጥኑን ጀርባ እዩ፤ የዲስኩ ሪጅን (የአገር ክልል ኮድ) ከማጫወቻችሁ ጋር መግጠም አለበት። የአሜሪካና የጃፓን ማጫወቻ ሪጅን ኤ ሲሆን የአውሮፓ፣ የዓረብ አገራትና የአፍሪካው ሪጅን ቢ ነው። ድምፁ ጃፓንኛ ብቻ ከሆነም ሰብታይትል እንዳለው አረጋግጡ።