ኮማትሱ ፒሲ 200-8 በመካኒክ አይን

ስለዚህ ማሽን ኦፕሬተሮች ብዙ ብለዋል፣ እኔ ደግሞ ከስሩ ተኝቶ በሚፈታው ሰው በኩል ልናገር። 20 ቶን ገደማ የሚመዝን ኤክስካቫተር (መቆፈሪያ ማሽን) ነው፣ ሳይት ላይ የሰራ ሰው መቼም አያጣውም። ባጭሩ እወደዋለሁ።

አንደኛ ለሰርቪስ ይመቻል። ራዲያተሩ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውና አፍተርኩለሩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ጎን ለጎን ነው ያሉት፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ መሀሉ አቧራ አይጠቀጠቅም፣ በኮምፕሬሰር ነፍተህ ትጨርሳለህ፣ በጋውን ሙሉ አቧራ ውስጥ ለሚውል ማሽን ይሄ በጣም ትልቅ ነገር ነው። የሞተር ዘይት ፊልትሮውም እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ነው። ሞኒተሩ የኢረር ኮድ ያወጣልሀል፣ ሰርቪስ ሜኑ ውስጥ ከገባህ የሃይድሮሊክ ፓምፑን ፕሬዠር (ግፊት) ራሱ ታነባለህ፣ ስለዚህ "ጉልበት አነሰው" ስላሉህ ብቻ ፓምፕ አታወርድም።

ጣጣው ያለው ናፍጣው ላይ ነው። ሞተሩ 6 ሲሊንደር፣ 6.69 ሊትር፣ ኮመን ሬል (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ ለሁሉም ሲሊንደር የሚከፋፈልበት) ነው፣ ኮመን ሬል ደግሞ ውሃና ቆሻሻ አይችልም። ሳይት ላይ ናፍጣው በበርሜል ይመጣል፣ በርሜሉ ክፍቱን ያድራል፣ በባሊ እየተቀዳ ይሞላል፣ ከዛ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) ሲበላሽ "ኮማትሱ አይረባም" ይባላል፣ ይሄ ያናድደኛል በእውነት። ማኑዋሉ የናፍጣ ፕሪ ፊልትሮውን (የመጀመሪያውን ማጣሪያ) በ500 የስራ ሰዓት ዋናውን በ1000 ቀይሩ ይላል፣ እኔ ግን በበርሜል ለሚሞላ ማሽን ግማሹ ላይ ነው የምቀይረው፣ ውሃውንም ጠዋት ጠዋት ሳይነሳ አስወጣለሁ። ፊልትሮ ላይ ደግሞ ርካሽ ፍለጋ አትዙሩ እባካችሁ፣ አንድ ኢንጀክተር የስንት ፊልትሮ ዋጋ እንደሆነ የገዛ ያውቀዋል።

ሃይድሮሊክ ዘይቱ እስከ 5000 ሰዓት፣ ፊልትሮው 1000 ነው፣ ድንጋይ ሰባሪ ብሬከር ከተገጠመለት ግን ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ይሄን ያህል አትጠብቁ።

ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ ሆር ሜትሩን (የሰራበትን ሰዓት የሚቆጥረውን) ብቻ አትመኑ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሄዳችሁ አስነሱት፣ ጭሱን እዩ፣ የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፍታችሁ ምን ያህል እንደሚተነፍስ ተመልከቱ፣ ቡሙን (ትልቁን ክንድ) ከፍ አርጋችሁ ሞተሩን አጥፉና ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ በራሱ እየወረደ ከመጣ የሃይድሮሊክ ሲሊንደሩ ወይ ቫልቩ ውስጥ ለውስጥ ዘይት ያሳልፋል ማለት ነው። የባኬቱን (የመቆፈሪያ አካፋውን) ፒንና ቡሽ፣ ማለትም መጋጠሚያውን፣ ልቅ መሆን አለመሆኑን ለማየት በፌሮ ገፋ አርጉት። የሰርቪስ መዝገቡን በትክክል የያዘ ባለቤት ካገኛችሁ ትንሽ ዋጋ ቢጨምርም ከሱ ግዙ።