በሊጥ የታሸገ ድስት ሲመጣላችሁ የአስተናጋጁን እጅ እዩ

ንዴቱ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። እነዚህን ቅንጡ የሕንድ ምግብ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። መብራቱ ደብዘዝ፣ የሲታር ሙዚቃው ለስለስ፣ ሜኑው በቆዳ የተለበጠ። ገና ወንበር ሳትስቡ «ውሃ ባለ ጋዝ ወይስ ያለ ጋዝ?» ይባላል፤ የቧንቧ ውሃ የሚባል ነገር በጥያቄው ውስጥ የለም። ፓፓድ የሚሉት ስስ ቂጣና ማጥቀሻው ቸትኒ ማንም ሳያዝ ይመጣል፣ ሂሳቡ ላይ በሰው ቁጥር ተባዝቶ ይወጣል። ይህን ለምደነዋል፣ ይሁን። ይሁን የማይባለው ቢሪያኒው ነው፤ ያ ሩዝና ሥጋ በቅመም ተደራርበው የሚበስሉበት ምግብ።

ሜኑው «ካቺ ዱም ቢሪያኒ፣ ለየብቻ በሊጥ ታሽጎ የሚበስል» ይላል፤ ዋጋው የተራው ቢሪያኒ እጥፍ ነው። ካቺ ማለት ጥሬ ማለት ነው፤ ዱም ደግሞ ክዳኑ ታሽጎ በራሱ እንፋሎት በዝግታ ማብሰል። በደቡብ ሕንዷ ከተማ በሃይደራባድ አሠራር በእርጎ፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅመም ታሽቶ ያደረ ጥሬ ሥጋ ከድስቱ ሥር ይነጠፋል። ግማሽ ሰዓት ያህል የተዘፈዘፈ ባስማቲ ሩዝ ሄል፣ ቅርንፉድና ጨው ባለበት ውሃ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀቀልና ከላዩ ይደረደራል። በሞቀ ወተት የተዘፈዘፈ ሳፍሮንና ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ ሽንኩርት ይበተንበታል፣ ከዚያ የክዳኑ ዙሪያ በሊጥ ይደፈናል። መጀመሪያ ጠንከር ያለ እሳት፣ ቀጥሎ ዝግ ያለ። ሥጋው የበግ ወይም የፍየል ከሆነ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ከእሳት ወርዶም ሳይከፈት 10 ወይም 15 ደቂቃ ማረፍ አለበት። በሰሜን ሕንዷ ከተማ በላክናው በኩል ያለው ፓኪ የሚባለው ሥጋው ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ በዱም ላይ ብዙ አይቆይም። የታዘዘው ግን ካቺ ነው።

በ14 ደቂቃ መጣ።

እዚያው ላይ መንቃት ነበረብን። ሰው ግን የወደደውን ነው የሚያየው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። አስተናጋጁ ትንሿን የመዳብ ድስት ከእንጨት ጣውላው ላይ አነሳት፣ ለካሜራው ዘንበል አድርጎ አሳየን፣ መልሶ አስቀመጣት። በባዶ እጁ! ጨርቅ የለ፣ ጓንት የለ። መዳብ ሙቀት ፈጥኖ የሚያስተላልፍ ብረት ነው፤ እሳት ላይ የቆየ ድስት ቢሆን መዳፉ ይላጥ ነበር። ማናችንም ልብ አላልንም። ቢላውን ወደ ሊጡ ሰደደ፣ ክዳኑን ከፍ አደረገ፣ «እንግዲህ ሽታውን!» አለ። እንፋሎት የሚባል አልወጣም። አንዲት ብናኝ እንኳ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ማስረጃ ነው። እውነተኛ የዱም ሊጥ ከክዳኑም ከድስቱ አፍም ጋር አብሮ ይበስላል፤ ይደርቃል፣ ይጠቁራል፣ ሲሰበር ድምፅ ያሰማል። ይሄኛው ነጣ ብሎ እንደ ጎማ ተላጠ፤ የተጣበቀውም ክዳኑ ላይ ብቻ ነበር። ሩዙ ዳር ዳሩ ሞቅ ይላል፣ መሃሉ የፍሪጅ ቅዝቃዜ አለው። ይህ የማይክሮዌቭ ፊርማ ነው። መዳብ ደግሞ ማይክሮዌቭ አይገባም፤ ስለዚህ በሌላ ዕቃ ሞቆ ድስቷ ውስጥ ተገልብጧል ማለት ነው። ቀዝቅዞ ያደረ ሩዝ ስታርቹ ስለሚጠነክር ይጓጉላል፤ ማንኪያ ሲገባ እንደ ጓል እየተፈነቀለ ይወጣ ነበር። ቀለሙም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቢጫ። ሳፍሮን የነካውን ቦታ ብቻ ነው የሚያቀልመው፤ በደንብ የተሠራ ቢሪያኒ ነጭም፣ ብርቱካንማም፣ ከሥር ደግሞ ሥጋው የለቀቀው ቅመም የያዘው ቡናማም ይኖረዋል። አንድ ዓይነት ቢጫ ካያችሁ እርድ ወይም የምግብ ቀለም ነው። ሥጋው ደግሞ ከሩዙ ጋር ትውውቅ የለውም፤ ለብቻው የበሰለ ወጥ መሃል ላይ ፈስሶበታል።

አንድ ነገር ላስተካክል። በትልቅ ድስት አንድ ጊዜ ሠርቶ እየጨለፉ ማቅረብ ነውር የለውም፤ ጥሩ ጥሩ ቤቶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ቢሪያኒ በትልቅ ድስት ሲሆን እንዲያውም ይጣፍጣል። ነውሩ ትናንት የተጨለፈውን ዛሬ በሊጥ አሽጎ፣ ለሊጡ እጥፍ ማስከፈል ነው።

አስተናጋጁ ሲጠየቅ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ «ጌታዬ፣ ትክክለኛውን የሕንድ ቢሪያኒ ላያውቁት ይችላሉ» አለ። ሲጨቀጨቅ ኃላፊው መጣና፣ አፍ አውጥቶ፣ «ሊጡ እኮ ለጌጥ ነው» ብሎ አረፈው። ድስቷ ተወስዳ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ተመለሰች፤ አሁን መሃሉ ያቃጥላል፣ ዳሩ ግን ደርቆ ጥርስ የሚሰብር ሆኗል። ይህችን እንደ ካሳ ነው የቆጠሯት። ሂሳቡ ሲመጣ ራይታው (የእርጎ ማባያው) እና ሳላኑ (መረቁ) ለየብቻ ተጽፈዋል፤ ከቢሪያኒ ጋር አብረው የሚቀርቡ ማባያዎች ናቸው እኮ። ከታች የአገልግሎት ክፍያ ተደምሯል፣ ከእሱም በታች ለጉርሻ ባዶ መስመር ተትቷል። ስሟን የሚነግዱባት ሕንድ ራሷ፣ ምግብ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያን በራሳቸው ውሳኔ ሂሳብ ላይ እንዳይጨምሩ እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያ አውጥታለች፤ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2025 አጽንቶታል። ሌላ አገር ያለውን ደንብ የየአገሩ ሰው ይጠይቅ፤ «ግዴታ ነው ወይ?» ማለት ግን የትም ያስኬዳል።

ካቺ ስታዝዙ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠይቁ። «አሁኑኑ» ካሉ ተራውን እዘዙ፣ ሩዙ ያው ነው። ሲመጣ ማንም ሳይጨልፍ ማንኪያውን ከመሃል እስከ ሥር ስደዱት። መሃሉ ከቀዘቀዘ «እናሙቅላችሁ» ሲሉ እሺ አትበሉ። ተቀቅሎ ከፍሪጅ ውጭ የቆየ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባል፤ የሚያስመልሰው መርዙ ደግሞ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። መልሱላቸው፣ ከሂሳቡም ላይ አስፍቁት።